እንደ ወንድም መቀበል፤ ስለ ክርስቲያን ፍቅርና ኅብረት የተጻፈ ትምህርት

አስቀድሞ የሚነበብ፤ ወደ ፊልሞና የተላከው መልእክት በሙሉ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከቁጥር 1 እስከ 7፤ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ከቁጥር 1 እስከ 9። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።



ፍቅር የሚለው ቃል በክርስቲያኖች አፍ ዘወትር ስለሚመላለስ፥ ብዙ እጅ እንደ ዳሰሰው ብር መልኩ እየተፋቀ ሄዶአል። በጸሎታችን እንጠራዋለን፥ በመዝሙራችን እናዜመዋለን፥ በደብዳቤያችንም መጨረሻ እንጽፈዋለን። ነገር ግን ከሩቅ የመጣ አንድ ሰው በበራችን ቆሞ፥ «እናንተ እርስ በርሳችሁ መዋደዳችሁን በምን ልወቀው?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እናሳየዋለን? የቤተ ክርስቲያናችንን ሕንፃ ብናሳየው አይበቃም፥ ሕንፃ የገንዘብ ምስክር ነውና። የመዘምራኑንም ብዛት ብናሳየው አይበቃም፥ መልካም ድምፅ ያላቸው ሰዎች ሳይዋደዱም አብረው ሊዘምሩ ይችላሉና።

ይህ ትምህርት ለዚያ ሰው ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ተጽፎአል። መልሱንም በሁለት ስፍራ እንፈልገዋለን፤ በመጀመሪያ ከጳውሎስ መልእክቶች ሁሉ በሚያጥረው መልእክት፥ ቀጥሎም በራሳችን አገር በወለጋ ታሪክ።

አንደኛ፤ ወደ ጌታው ስለ ተመለሰው ባሪያ

ፊልሞና በቈላስይስ የሚኖር ክርስቲያን ነበረ። በዚያ ዘመን ለጸሎት ብቻ የተሠራ ቤት ስላልነበረ፥ ምእመናን በእርሱ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አናሲሞስ የሚባል ባሪያ ነበረው። ይህ ባሪያ ከጌታው ተለይቶ ሄደ፤ ምናልባትም ገንዘቡን ወስዶበት ይሆናል። ከዚያም ጳውሎስን በእስር ቤት አገኘው፥ ወንጌልንም ከእርሱ ሰምቶ አመነ። በሮማውያን ሕግ የኮበለለ ባሪያ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ጳውሎስ ግን ከቲኪቆስ ጋር ወደ አገሩ ላከው፥ ለፊልሞናም ደብዳቤ ጻፈ።

በዚህ ደብዳቤ ሦስት ነገር ልብ እናድርግ። ፊተኛው፥ ሐዋርያው ማዘዝ ሲችል አላዘዘም፤ ስለ ፍቅር ብሎ ለመነ እንጂ። በግድ የተደረገ ቸርነት ከቀረጥ አይለይምና። ሁለተኛው፥ አናሲሞስን «ማረው» ብሎ ብቻ አልተወም፤ ከባሪያ ይልቅ እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው፥ ይልቁንም ጳውሎስን ራሱን እንደሚቀበል አድርጎ እንዲቀበለው ጠየቀ። ሦስተኛው፥ አናሲሞስ የበደለው ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በራሱ በጳውሎስ ላይ እንዲቈጠር በገዛ እጁ ጽፎ ዋስ ሆነለት።

ከእነዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። ደብዳቤው የተጻፈው ለፊልሞና ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ለሚሰበሰበው ማኅበርም ሁሉ ነው። ስለዚህ ፊልሞና አናሲሞስን በጓዳ ይቅር ብሎ በጉባኤ ፊት ሊንቀው አይችልም ነበር። ማኅበሩ ደብዳቤውን ሰምቶአል፤ በሚቀጥለውም እሑድ ሁሉም አናሲሞስ ወዴት እንደሚቀመጥ ይመለከታል። በበር አጠገብ ከአገልጋዮች ጋር ይቆማልን? ወይስ ከጌታው ጎን ተቀምጦ ከአንድ እንጀራ ይቈርሳል? የፊልሞና ፍቅር የሚታወቀው በዚያች መቀመጫ ነበረ።

ሁለተኛ፤ በወለጋ ስለ ታየው ኦኔሲሞስ

ይህ ነገር በሩቅ አገርና በጥንት ዘመን የሆነ ብቻ አይምሰላችሁ። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አንድ ሕፃን ተወለደ፥ ስሙንም ሂካ አሉት፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት፤ ከዚህም በኋላ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ ተሸጠ፥ ስሙንም ነሲብ ብለው ለወጡበት። በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፥ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባ። በ1872 በትንሣኤ በዓል ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይኸውም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ የተጻፈው የዚያው የፊልሞና ባሪያ ስም ነው።

በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተማረ። በዚያ ቢቀር፥ ወይም በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ በሰላም ቢኖር የሚወቅሰው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን የተሸጠበትን አገር አልረሳም። ትምህርቱን በ1881 ከፈጸመ በኋላ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ተጓዘ፥ ነገር ግን መንገዱ ስላልሆነለት ተመለሰ። ከዚያም ከምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዘ።

በዚህ ሥራ አስቴር ገኖ የተባለች ብላቴና ረዳችው። እርስዋም ባሪያ ሆና ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከብ በባሕር ላይ ያስጣላት ናት። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ተነጠቀ የቋንቋው ቃል ሳስቶበት ነበር፤ አስቴር ግን ቋንቋውን፥ ተረቱንና ዘፈኑን በልብዋ ይዛ መጥታ ነበር። ስለዚህ የጐደለውን ሞላችለት። አዲስ ኪዳን በ1893፥ የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ በ1894፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። እንግዲህ ይህን አስቡ፤ የወለጋ ገበሬ በእናቱ ቋንቋ የሰማው የእግዚአብሔር ቃል በገበያ የተሸጡ ሰዎች የደከሙበት ነው። ሰው ንቆ የጣላቸውን እግዚአብሔር ለወገኖቻቸው አፍ አደረጋቸው።

በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። በቦጂ አስቀድሞ ከሐማሴን የመጣው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በሕዝቡ መካከል ያስተምር ነበር፤ እርሱ የኦሮሞ ልጅ ሳይሆን የሩቅ አገር ሰው ሆኖ በኦሮሞ መካከል እንደ ቤተ ሰብ ተቀመጠ። ቀጥሎም ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ መጣ፥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ አስቀድሞ ኩምሳ ሞረዳ የተባሉት፥ በመልካም ተቀበሉት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሳሾች ተነሡበት፥ ነገሩም እስከ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ለብዙ ዓመታትም በይፋ እንዳይሰብክ ተከለከለ። እርሱ ግን ትምህርት ቤቱን ሳይተው በትዕግሥት ኖረ፤ በ1916 እንደገና እንዲሰብክ ተፈቀደለት፤ በሰኔ 1931 እስኪሞት ድረስም አገለገለ። አስቴር ከእርሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ በ1964 አረፈች።

በዚያ ዘመን ሰውን መሸጥና መግዛት ከአገራችን ገና አልጠፋም ነበር፤ ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣው ዐዋጅ በ1924 ወጣ፥ ባርነትም ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። እንግዲህ ኦኔሲሞስ በነቀምቴ ፊደል ሲያስቈጥር፥ ገዢም ተገዢም በአንድ ገበያ ይመላለሱ ነበር። በዚህ መካከል አንድ ጊዜ የተሸጠ ሰው የመምህር ወንበር ያዘ። ማንም ሰው ከእርሱ ቃሉን ለመስማት ቢፈልግ አስቀድሞ አንድ ነገር በልቡ መወሰን ነበረበት፤ ይህን ሰው ምን ብዬ ልጥራው? «ባሪያ» ብዬ ነውን? ወይስ «መምህሬ፥ ወንድሜ» ብዬ?

ሦስተኛ፤ ፍቅር ዕዳን እንደማይክድ

አንዳንድ ሰዎች የክርስቲያን ፍቅር ማለት ያለፈውን ነገር አለማንሣት ነው ይላሉ። ይህን የሚሉትም ብዙ ጊዜ የተበደሉት ሳይሆኑ የበደሉት ናቸው። ጳውሎስ ግን እንዲህ አላደረገም። በደብዳቤው ዕዳውን ስሙን ጠርቶ አነሣው፥ ከዚያም ራሱ ተሸከመው። ዕዳ ሳይጠራ ቢቀር በሁለቱ ሰዎች መካከል እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ይኖር ነበርና።

ስለዚህ በማኅበራችን አንዱ ሌላውን በድሎ ሲገኝ፥ «ተውት፥ ለሰላም ሲባል ዝም በሉ» ማለት ፍቅር አይደለም። የተበደለው ይናገር፥ የበደለው ይስማ፥ የተወሰደው ይመለስ፤ ሊመለስ የማይችለውንም ማኅበሩ በጋራ ይሸከም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያስተማረው ሥርዓት ይህ ነው፤ አስቀድሞ ለብቻ ሄዶ መነጋገር፥ ባይሆን አንድ ወይም ሁለት ሰው መጨመር፥ ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ መንገር። እኛ ግን ሥርዓቱን ገልብጠን አስቀድመን ለጎረቤት፥ ቀጥለን ለገበያ፥ በመጨረሻም ለበደለን ሰው እንነግራለን፤ ምናልባትም እርሱ ሳይሰማ ይቀራል። በቡና ላይ የተጀመረ ሐሜት ስንት ጉባኤ ለሁለት ከፈለ!

ኦኔሲሞስም ወደ አገሩ ሲመለስ የደረሰበትን ግፍ የረሳ አልነበረም። ነገር ግን ግፉን የበቀል ምክንያት አላደረገውም። የተቀበለው ፍቅር ከተወሰደበት ነገር ሁሉ በለጠበት። እንዲህ ያለው ይቅርታ ከደካማ ልብ የሚወጣ አይደለም።

አራተኛ፤ ዛሬ በመካከላችን ስላለው መለያየት

ዛሬ የባሪያ ገበያ የለም። ነገር ግን ገበያው ሲፈርስ ሚዛኑ በልባችን ቀርቶ እንደ ሆነ እንመርምር። ልጃችን ሊያገባ ሲል ስለ ሃይማኖትዋና ስለ ጠባይዋ ከመጠየቃችን በፊት፥ «የማን ዘር ናት?» ብለን አያት ቅድመ አያት እንቈጥራለን። ሸክላ የምትሠራውን እኅት፥ ቆዳ የሚፍቀውንና ብረት የሚቀጠቅጠውን ወንድም በእሑድ ሰላም እንላቸዋለን፥ በሠርጋችን ግን ወደ ማዕዳችን አናቀርባቸውም። በሸክላዋ ወጥ ሠርተን እንበላለን፥ በማረሻው አርሰን እህል እናስገባለን፥ ሠሪዎቹን ግን እንንቃለን። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ተረታችን። እውነት ነው፥ ይስባል፤ ነገር ግን የክርስቶስ ጥምቀት ከዘር ይልቅ ካልሳበን፥ የተጠመቅነው በውኃ ብቻ ነው።

ሌላም መለያየት አለ፤ እርሱም የቋንቋና የወገን ነው። ከ2018 ወዲህ ባሉት ዓመታት በወለጋ ምድር ብዙ ደም ፈስሶአል፤ ኦሮሞውም አማራውም ሌላውም ወገን ከቀዬው ተፈናቅሎአል። ከጸሎት ቤት ሲወጣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሰምቶ ፊቱን የሚያጠቁር ቢኖር፥ ይህ ቁስል ወደ ማኅበሩ ገብቶአል ማለት ነው።

ስለዚህ ነገር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ታላቅ ትምህርት ይሰጠናል። በኢየሩሳሌም ማኅበር በየዕለቱ ለመበለቶች ምግብ ይታደል ነበር፤ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩትም መበለቶቻቸው በእደላው ስለ ተረሱ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት፥ «ስለ ሆድ የምታንጐራጕሩ ሥጋውያን ናችሁ» አላሉአቸውም። «እኛ ዘር አንቈጥርም» ብለውም ነገሩን አልሸፈኑትም። ማኅበሩን ሁሉ ጠርተው መልካም ስም ያላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱንም ስም ብናነብ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። እንግዲህ እደላውን የተረከቡት በብዛት ከተበደለው ወገን የነበሩ ይመስላል። የበዛው ወገን የጥቂቶቹን ቅሬታ ሰምቶ፥ መዝገቡንና ጐተራውን በእጃቸው አደራ አለ።

ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። ለተፈናቀሉ ሰዎች እህልና ልብስ ሲታደል የስም ዝርዝሩን የሚጽፍ ማን ነው? የተቸገረው ሁሉ ሳይፈራ ስሙን ሊያስመዘግብ ይችላልን? ጸሎቱ በኦሮምኛ ሲሆን አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ፥ በአማርኛም ሲሆን ኦሮምኛ ብቻ ለሚያውቅ ማን ጎን ተቀምጦ ይተረጕምለታል? የዚህ አገር ወንጌል በተርጓሚ እጅ የመጣ መሆኑን አስበን፥ ለወንድም መተርጐምን እንደ ውርደት አንቍጠረው።

አምስተኛ፤ የፍቅር ሥራ በየዕለቱ

አንደኛው ሥራ መቀመጫ ነው። አንድ ገበሬ ከዲጋ በሌሊት ተነሥቶ በክረምት ጭቃ ወደ ነቀምቴ ጸሎት ቤት መጣ እንበል። እግሩ ጭቃ ነው፥ ጋቢውም በዝናብ ርሶአል። በዚያው ሰዓት አንድ የመሥሪያ ቤት ሹም በመኪና ደረሰ። አስተናጋጁ ለሹሙ ፊት ለፊት ወንበር ሲስብ፥ ገበሬው ግን በግንቡ ተጠግቶ ቢቆም፥ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የተነቀፈው ነገር በፊታችን ተፈጸመ። ስብከቱ ገና ሳይጀመር ሌላ ስብከት ተሰብኮአል፤ ገበሬውም ሰምቶታል።

ሁለተኛው ማዕድ ነው። በነቀምቴ በ2007 የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ጀምሮ ከብዙ አገር ወጣቶች ይመጣሉ። ከእናቱ ቤት የራቀ ተማሪ በበዓል ቀን ለብቻው ሲቀመጥ፥ ምእመናን በየቤታቸው በግ አርደው ቢውሉ፥ ኅብረታቸው ወዴት አለ? አንድ ተጨማሪ ሰሐን ማቅረብ ማንንም አያደኸይም። እናንተም ተማሪዎች፥ ከአገራችሁ ልጆች ጋር ብቻ አትቀመጡ፤ ቋንቋውን ከማታውቁት ጓደኛ ጋር አንድ ጊዜ አብሮ መብላት ስለ አንድነት አሥር ንግግር ከመስማት ይበልጣል።

ሦስተኛው ሥራን ማካፈል ነው። እንደ ወንድም መቀበል ማለት ማብላትና ማልበስ ብቻ አይደለም፤ አደራ መስጠትም ነው። በሰዮ፥ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምትባለው፥ ቄስ ጊዳዳ ሶላን ገና ሕፃን ሳሉ በፈንጣጣ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ማኅበሩ ግን «ምጽዋት የሚገባው ዕውር» ብሎ አልተዋቸውም። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከአገር በተለዩ ጊዜ መንጋውን ከጠበቁት ዋና ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ሰው በእጅ የሚመራቸው፥ ብዙዎችን መሩ። በጉባኤያችንስ ገንዘብ ወይም ዕውቀት የለውም ብለን ያላሠራነው ማን ነው?

አራተኛው በኀዘን ጊዜ መገኘት ነው። በአገራችን ዕድር መኖሩ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን ዕድር የሚቀብረው የከፈለውን ነው። የክርስቲያን ማኅበር ደግሞ መክፈል ያልቻለውን ሊቀብር፥ ከቀብርም በኋላ ድንኳኑ ሲነሣና ጎረቤት ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ፥ ለባሏ ሞት የምታዝነውን ሴት በወሩም በዓመቱም ሊጠይቃት ይገባል። እርሻዋም ጦም እንዳያድር በደቦ ይውጣላት።

እንዲህ ያለው ኅብረት በመከራ ቀን ይፈተናል። በደርግ ዘመን፥ በተለይም ከ1980 ገደማ ጀምሮ፥ በወለጋ ብዙ የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። በቦጂ ተወልደው በነቀምቴ ያገለገሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለብዙ ዓመታት ታሰሩ። በሩ ሲቈለፍ ምእመናን እንደ ፊልሞና ዘመን በየቤቱ ተሰበሰቡ። በቤት መሰብሰብ የሚቻለው ግን በር ለሚያንኳኳ ሰው ሳይፈራ የሚከፍት ሲኖር ነው። አስቀድሞ በማዕድ ያልተዋወቁ ሰዎች በአደጋ ቀን አይተማመኑምና። ኅብረት እንደ እህል ነው፤ በጥጋብ ጊዜ ያልተከተተ በራብ ጊዜ አይገኝም።

ማጠቃለያ

የተወደዳችሁ ሆይ፤ መልእክቱ ፊልሞና በመጨረሻ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። አናሲሞስ በበሩ ቆሞአል፥ ደብዳቤውም ተነብቦአል፥ ማኅበሩም ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አልተጻፈም። እኛ ግን ዛሬ በዚያው በር ላይ ቆመናል። የተናቀው ወገን፥ የተጣላነው ወንድም፥ ቋንቋውን የማናውቀው እንግዳ ከደጃችን ደርሶአል።

በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። ያ ሰው «ፍቅራችሁን በምን ልወቀው?» ቢለን፥ «ግባና በመካከላችን ማን ከማን ጎን እንደ ተቀመጠ እይ፤ ነገም ሰኞ ተመልሰህ ማን በማን ቤት እንደሚበላ ተመልከት» እንበለው። ይህን ለማለት ካፈርን ግን ጥያቄውን አንሽሸው፤ ዛሬውኑ አንድ ወንበር እናንሣ፥ አንድ በርም እናንኳኳ። እግዚአብሔር ልባችንን ያስፋልን፤ አሜን።

በማኅበር ለመወያየት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ጳውሎስ ደብዳቤውን ለፊልሞና ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩም መጻፉ ምን ጥቅም ነበረው?

2. በጉባኤያችን ዘወትር በበር አጠገብ የሚቀመጥ ማን ነው? ለምንስ ይመስላችኋል?

3. ከአንድ ዓመት ወዲህ ከወገናችሁ ወይም ከቋንቋችሁ ውጭ የሆነ ክርስቲያን በማዕዳችሁ ተቀምጦአልን?

4. በመካከላችን ስሙ ያልተጠራ ዕዳ አለን? ማን አስቀድሞ ሊናገር፥ ማንስ ሊሸከም ይገባዋል?